የሌለ ልጅ ለቅሶ

እሜቴ ገና ፊቷን ሳትታጠብ በሩ ተንኳኳ። የጥርስ ብሩሿን አፏ ውስጥ እንደሸጎጠች ብትከፍት፣ የግቢያቸው ልብስ ሰፊ ጥቁር ሻርፕ ተከናንባ፣ ሁለት ሴቶች ከኋላዋ አስከትላ ቆማለች። «ውይ የኔ እናት! ውይ እህቴ! ይሄን የመሰለ መርዶ ይዘሽ ለብቻሽ ታድሪያለሽ? እኛ ምንሽ ነን?» አለችና አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። እሜቴ የሰው ሐዘን አትንቅምና ጀርባዋን መታ መታ እያደረገች፣ «አይዞሽ፣ ቻይው» እያለች፣ ማን ሞቶባት ይሆን ብላ አሰበች። ባልየው ሲያስል ከርሟል፤ እሱ ይሆናል። «መቼ ዐረፈ?» ብላ ጠየቀቻት። ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ በእንባዋ መሀል አፈጠጠችባት። «እሱንማ አንቺ ንገሪን እንጂ! ልጅሽ መቼ እንደሞተ እኛ በምን እናውቃለን?»

ልጅ! እሜቴ እኮ ወልዳ አታውቅም። ባሏ ትቷት የሄደው በዚሁ ነው፤ ከሄደ በኋላ ሰፈር የቀየረችውም በዚሁ ነው። አዲሱ ግቢ ስትገባ ሴቶቹ «ልጆች አሉሽ?» ብለው ጠየቋት፤ እሷም «እግዜር ይመስገን» ብላ አለፈች። አልዋሸችም፤ እግዜርን ማመስገን ማንንም ውሸታም አያሰኝም። ሴቶቹ ግን ያንን «አለኝ» ብለው ወሰዱት፤ ቀስ በቀስም ራቅ ያለ ከተማ የሚማር ወንድ ልጅ አበጁላት፤ ቁመቱንም ጠባዩንም እነሱው ወሰኑለት። አላረመቻቸውም። «መካን» የሚለውን ቃል ከአንድ ሰፈር ሙሉ አፍ ስትሰማ የኖረች ሴት ለምን አላረመችም የሚል ካለ፣ እሱ ራሱ በቦታዋ ገብቶ ይሞክረው።

ሴቶቹ ሳይጋበዙ ገብተው አልጋው ጫፍ ላይና በብቸኛዋ ወንበር ላይ ተደላደሉ። ክፍሏ አንድ ናት፤ በመጋረጃ ለሁለት ተከፍላ ከጀርባው ታናሽ ወንድሟ ይተኛል። «ኧረ ማንም አልሞተብኝም!» አለች እሜቴ። «መጀመሪያ እንደዚያ ነው» አለች አንደኛዋ ራሷን እየነቀነቀች፤ «እኔም አባቴ የሞተ ጊዜ ይመጣል ብዬ ጫማውን ስጠርግ ነበር።» ሌላዋ ደግሞ ውኃ ካለ ብትጠጣ ይሻላታል አለች። እሜቴ አፏን ከፈተች። «ልጅ የለኝም» ማለቱ ግን አልሆነላትም። ይሄኔ ልብስ ሰፊዋ ስልኳን አውጥታ አሳየቻት።

በስልኩ ላይ ያለችው እሷው ናት። ዓይኗ አብጦ፣ እንባዋ በጉንጮቿ ወርዶ አገጯ ላይ ተንጠልጥሎ፣ አፏ ትንሽ ከፈት ብሎ። ሥሩ ላይ እንዲህ ይላል፦ «የማዶ አውሬዎች አንድ ልጇን የገደሉባት እናት። ይህን አይተህ ዝም ካልክ ሰው አይደለህም። አጋራው!» ማዶ የሚባሉት ከወንዙ ወዲያ ያሉት ናቸው። ከወንዝ ወዲህና ወዲያ ያሉት ሰዎች ከምርጫው ወዲህ ለሰላምታ እንኳ መፈላለግ ትተዋል፤ መንገዱ ተዘግቷል፤ በየቀኑ አንድ ነገር ተቃጠለ ይባላል። እሜቴ ፎቶውን አፍጥጣ አየችው። ከራስዋ ጀርባ ያለውን ነጭ የግድግዳ ሴራሚክ ታውቀዋለች፤ በአንድ በኩል የተሰነጠቀ ነው፤ የምትሠራበት ወጥ ቤት ግድግዳ ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባት።

እሜቴ የምትሠራው ለፋብሪካዎች ምሳ በሚያቀርብ ትልቅ ወጥ ቤት ነው። ሥራዋ ሽንኩርት መክተፍ ነው፤ ጠዋት በጆንያ ይመጣል፣ ከሰዓት በትልልቅ ባልዲ ይሄዳል። እዚያ ቤት ማንም እንደሷ አይፈጥንም፤ ለአለቃም ለማንም አንገቷን ስለማትሰብር ነው ባልደረቦቿ «እሜቴ» ያሏት። እንባው ግን እሷንም አልማራትም፤ ሲወርድ ይውላል፤ እጇ ሽንኩርት ስለሆነ አትጠርገውም። ትናንት ወንድሟ የቤት ቁልፍ ጠፋብኝ ብሎ መጥቶ ነበር። «እስቲ ቀና በይ» አላት፤ ቀና አለች፤ ስልኩ ቀጭ አለ። ለማስታወሻ መስሏት ሳቀችበት። ከፎቶው ላይ ቢላዋውንና የሽንኩርቱን ክምር ቆርጦ ጥሎ ፊቷንና የሽርጧን ማንገቻ ብቻ አስቀርቷል።

ሴቶቹን እንደምንም ሸኝታ መጋረጃውን ገለጠችው። ወንድምየው ነቅቷል፤ ስልኩ ደረቱ ላይ ነው። እናታቸው ስትሞት ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ ነበር፤ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ሥራ ካጣ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ገጹ ላይ ነው፤ ተከታይ አለኝ ይላል። «እትዬ፣ ከመቆጣትሽ በፊት ስሚኝ» አላት። «ሕዝቡ ተነሥቷል። አገር ሁሉ ስላንቺ ነው የሚያለቅሰው።» «የትኛው ልጄ ነው የሞተው?» አለችው። «ውሸት እኮ አይደለም» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፤ «እንደዚህ የሚያለቅሱ እናቶች ሞልተዋል፤ ፎቶ የሚያነሣቸው ጠፍቶ ነው እንጂ። አንቺ የነሱ ምትክ ነሽ።» «ታዲያ ሄደህ እነሱን አታነሣም?» «መንገድ ዝግ ነው።» እሜቴ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፤ ከንዴቷ የተነሣ። «አሁኑኑ አጥፋው!» ስትለው ግን ወንድምየው ቀና ብሎ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አጠፋዋለሁ፤ ከዚያስ? ልጅ ወልጄ አላውቅም ብለሽ ለግቢው ሁሉ ልታወሪ ነው? ልብስ ሰፊዋ ምን ትልሻለች?»

የት ቦታ ቢጫን እንደሚያማት ያውቃል፤ ያሳደገችው ልጅ አይደል። እሜቴ መጋረጃውን መልሳ ዘጋችው። ፊቷን ታጠበች፣ ሽርጧን በፌስታል አድርጋ ወጣች። በረንዳው ላይ የተቀመጡት ጎረቤቶች ስታልፍ ብድግ አሉላት። ከዚህ በፊት ማንም ብድግ ብሎላት አያውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ለአንዲት አፍታ ደስ አላት። ወዲያው ግን በራሷ አፈረች።

ወጥ ቤቱ ደርሳ ሽርጧን ስትታጠቅ የሽንኩርቱ ጆንያ ቦታው ላይ አለ፤ ከፊት ለፊቱ ያለው የድንች ጠረጴዛ ግን ባዶ ነው። እዚያ የምትቀመጠው ድንች ላጭ የማዶ ሴት ናት። ዓመታት ሙሉ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሠርተዋል፤ ስለ ጫማ ዋጋ፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ አለቃቸው ከርሥ ያላወሩት የለም፤ ድንች ላጯ ግን አንድም ቀን «ልጆች አሉሽ?» ብላ ጠይቃት አታውቅም። እሜቴ አጥብቃ የምትወዳት በዚህ ነው። «የት ሄደች?» ብላ ጠየቀች። የወጥ ቤቱ ኃላፊ ቢሮው አስገባትና በሩን ዘጋ። «ለራሷ ደኅንነት ብዬ ነው ያሰናበትኳት» አለ። «ሠራተኛው አብረናት አንሠራም አለ። ደግሞ አንቺ እዚህ ሐዘን ላይ ሆነሽ የነሱን ወገን ፊት ለፊትሽ ማስቀመጥ ግፍ ነው። አንቺም ዕረፊ፤ ደሞዝሽ አይቆረጥም።»

«አንተ ሰውዬ» አለችው እሜቴ፤ «በየቀኑ እኮ ታየኛለህ! መቼ ነው ሳላለቅስ ያየኸኝ?» ኃላፊው መስኮቱን ዞር ብሎ አየ። «አውቃለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «እዚህ ያለነው ሁላችንም እናውቃለን። ግን አገር ሁሉ ልጇ ሞቷል ሲል እኔ ተነሥቼ ሽንኩርት ነው ልበል? የምግብ መኪናዬን ቢያነዱብኝስ?» እሜቴ ክው አለች። ማወቃቸው ነው ያበሳጫት። ሳያውቁ ቢሆን ይሁን፤ እያወቁ! ከቢሮው ስትወጣ ካሮት የምትፍቀው ሴት እጇን ጎተት አድርጋ፣ «ከሰዓት ሰልፍ አለ» ስትል ሹክ አለቻት፤ «የድንች ላጯን ቤት አድራሻ ለጥፈውታል። በራሷ እንድትወጣ፣ ካልወጣች እንደሚያስወጧት ነው የሚሉት።» «ማነው የለጠፈው?» ካሮት ፋቂዋ መሬት መሬት እያየች ስልኳን አሳየቻት። የለጠፈው ወንድሟ ነው። «ከሐዘንተኛዋ እናት ጋር አንድ ጣራ ሥር የምትሠራ የማዶ ሴት» ይላል። ያቺ ሴት ለዚህ ልጅ ስንት ጊዜ ከምሳዋ ቀንሳ ልካለታለች!

እሜቴ ቢላዋዋን አልነካችም። ሽርጧን እንደታጠቀች ወጥታ አውቶቡስ ተሳፈረች። ዝርዝር ከሽርጧ ኪስ ስታወጣ ትኬት ቆራጩ ፊቷን አየት አደረገና፣ «ይለፉ፣ እናቴ፣ አይከፍሉም» አላት። ከተቀመጠበት ወንበር ጎትታ ልታስነሣው ፈልጋ ነበር፤ ገንዘቡን እጁ ላይ ጣለችና ገብታ ቆመች። የድንች ላጯ ቤት ከአንድ የብረታ ብረት ሱቅ ጀርባ፣ ጠባብ መተላለፊያ ዳር ያለች ክፍል ናት። አንኳኳች። «ማነው?» አለ ድምፅ። «እኔ ነኝ።»  «አንቺ ነሽ አድራሻዬን የሰጠሻቸው?» አለች ድንች ላጯ ከበሩ ወዲያ ሆና። «ወንድሜ ነው» አለች እሜቴ። ቆይቶ መቀርቀሪያው ተሳበ።

ውስጥ የተጠቀለለ ፍራሽ፣ በገመድ የታሰረ ሻንጣ፣ አልጋ ላይ ደግሞ እግራቸው የማይንቀሳቀስ ሽማግሌ አባቷ አሉ። ሻንጣውን ማንም ይሸከማል፤ አባቷን ይዛ የት ትሂድ? ታክሲዎቹ የማዶ ሰው አንጭንም ብለዋታል። እሜቴ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ይቅርታ አልጠየቀችም፤ የሚበቃ ቃል አላገኘችለትም። ድንች ላጯም ስልኳን አቀበለቻት። «እይ እስቲ፣ ወደኛም ዘንድ መጥተሻል።» የማዶዎቹ ገጽ ላይ ያው ፎቶ፣ ያው እንባ፣ ጽሑፉ ብቻ ሌላ፦ «የወዲያ ማዶ ነፍሰ ገዳዮች ልጇን የገደሉባት የኛ እናት።» «በሁለቱም በኩል ሞቶብኛላ!» አለች እሜቴ። ሁለቱም ሳቁ፤ ሽማግሌው ምንድነው ነገሩ ብለው ጠየቁ፤ ይሄኔ የሰልፈኞቹ ጩኸት ከዋናው መንገድ መጣ።

እሜቴ ተነሥታ በሩ ላይ ቆመች። መተላለፊያው ሞላ። ከፊት ሁለት ወጣቶች በሁለት እንጨት ላይ የተወጠረ ባነር ይዘዋል፤ ባነሩ ላይ ፊቷ ከአልጋ አንሶላ ገዝፎ ያለቅሳል። «ዞር በይ፣ ሴትዮ» አላት ድምፅ ማጉያ የያዘው ጎረምሳ። «ፎቶው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ» አለችው። ባነሩን አየ፤ እሷን አየ። «አትመስይም» አለ። እንዴት ትምሰል? ሳታለቅስ ማን አይቷት! ከኋላ ግን አንዷ ሴት፣ «ኧረ እሷ ናት! ሽርጧም ያው ነው!» ብላ ጮኸች፤ ጩኸቱም ድንገት ቆመ። ጎረምሳው ድምፅ ማጉያውን ክንዱ ሥር ከቶ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሊስም ሲል ትከሻውን ይዛ አቆመችው። ስልኮች ከየአቅጣጫው ወደሷ ዞሩ። ከመሀላቸው አንዱን የያዘው ወንድሟ ነው።

«እናታችን» አለ ጎረምሳው፤ ክፉ ልጅ አይደለም፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ «እኛ የመጣነው ላንቺ ብለን ነው። አንድ ቃል በይን። ይቅር ብያቸዋለሁ ካልሽን አሁኑኑ እንመለሳለን፤ እዚህ ቤት ክፉ አይነካም። ይቅር አልልም ካልሽ ደግሞ እኛ እናውቃለን።» ሕዝቡ አጉረመረመ። እሜቴ ዞር ብላ አየች። ድንች ላጯ በሩ ደጃፍ ላይ ናት፤ ከኋላዋ የሽማግሌው እግር ከብርድ ልብሱ ሥር ይታያል። ሁለት ቃል ነው። «ይቅር ብያለሁ» ብትል ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል፤ እሷም የልጅ እናት እንደሆነች፣ እንደተከበረች ትኖራለች፤ ጎረቤት ስታልፍ ብድግ እንዳለላት ዕድሜዋን ትጨርሳለች። አንድም ሰው አይጎዳም። ድንች ላጯ ግን ዓይኗን አልሰበረችም። «ምን አድርጌ?» አለች፣ ለሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ምን አድርጌ ነው ይቅር የምባለው?»

እውነቷን ነው። ይቅር ከተባለች ገድላለች ማለት ነው፤ ነገ ሌላ ሰው ይመጣና እኔ ግን ይቅር አልልም ይላል። እሜቴ የጎረምሳውን ድምፅ ማጉያ ከክንዱ ሥር መዘዘች። እንዴት እንደሚሠራ ስላላወቀች መጀመሪያ ጮኸባት፤ እንደገና ወደ አፏ አስጠጋችው። «ይቅር የምለው ሰው የለም!» አለች። «ልጅ የለኝም! ሰማችሁ? ወልጄ አላውቅም! መካን ነኝ! ባሌም በዚሁ ነው የፈታኝ፤ የማያምን ሄዶ ይጠይቀው! ይሄ እንባ የሽንኩርት ነው። ሽንኩርት ከታፊ ነኝ፤ ስከትፍ ነው የተነሣሁት። ማዶም ይሄንኑ ፊቴን ለጥፈው እናንተ ገደላችሁብኝ እያሉ ነው፤ ስልካችሁን ከፍታችሁ እዩት! እኔ በሕይወቴ ያሳደግሁት አንድ ልጅ ብቻ ነው። እሱም አልሞተም። ይኸው! ስልክ ይዞ እዚያ ቆሟል!»

ሰው ሁሉ ዞረ። ወንድምየው ስልኩን ዝቅ አደረገ። «አታውርደው!» ብላ ጮኸችበት። «ትናንት እንዳነሣኸኝ አንሣኝ! ወይ ደግሞ ያልቆረጥከውን ፎቶ አሳያቸው!» ልጁ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሊያለቅስ ሲል እንደዚያ ነው። አሁንም አንጀቷን በላት፤ ግን ጨከነችበት። ከሰው መሀል፣ «ተገዝታለች! ማዶዎች ከፍለዋት ነው!» የሚል ድምፅ ወጣ፤ አንድ ድንጋይም መጥቶ የበሩን ቆርቆሮ መታ። ድንች ላጯ ፈቀቅ አላለችም፤ እንዲያውም ወጥታ እሜቴ ጎን ቆመች። ጎረምሳው ወደ ወንድምየው ሄዶ እጁን ዘረጋ። ልጁ ትንሽ አመነታና ስልኩን ሰጠው። ሙሉው ፎቶ እዚያ አለ፤ ቢላዋው፣ ባልዲው፣ የሽንኩርቱ ክምር፣ ከፎቶው ጠርዝም ሊስቅ ያዘነበለ የድንች ላጯ ግማሽ ፊት።

ጎረምሳው ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየ። ከጎኑ ያለው አየ። ከዚያ ከኋላ የቆመችው፣ ቅድም ሽርጧን የለየችው ሴት፣ አንገቷን አስግጋ አይታ፣ «ወይ ጉድ! ጠዋት ሙሉ ለሽንኩርት ነው እንዴ ያለቀስኩት?» አለች። አንዱ ሳቀ። ሳቁ ወደ ኋላ ሄደ፤ የሰልፈኛው ጉልበት በዚያው ከዳው። ያልሳቁም ነበሩ። «ታዲያ ማን ነው የሞተው?» ብሎ ጠየቀ አንድ መነጽር ያደረገ ወጣት። «ማንም!» አለችው እሜቴ። ፊቱ ላይ ያየችው ነገር እስከ ዛሬ ያስገርማታል፤ ሰው ባለመሞቱ ቅር አለው። «አንድ ሰውማ ሳይሞት አይቀርም» እያለ አጉረመረመና ከጓደኞቹ ጋር ዋናውን መንገድ ይዞ ሄደ። ሌሎቹም አንድ ሁለት እያሉ ተበተኑ፤ አንዳንዱ እየተሳደበ፣ አንዳንዱ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ። ምን እንደሚጽፉ መገመት አያቅትም፤ ግማሾቹ የልጇን ደም የሸጠች እናት ይሏታል። ይበሉ።

ድንች ላጯ ሻንጣው ላይ የታሰረውን ገመድ መፍታት ጀመረች። «ነገ በር ላይ ጠብቂኝ፤ ለብቻዬ አልገባም» አለች ሳትዞር። «አለቃው አያስገባሽም» አለቻት እሜቴ። «ያስገባኛል። ያለዚያ አንቺም አትገቢም፤ ሽንኩርቱን ራሱ ይከትፋል።» እሜቴ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች። የነገው ነገ ይታያል፤ ልብስ ሰፊዋም፣ ግቢውም፣ በረንዳውም ይጠብቋታል፤ ሳታልፋቸው ቤቷ መግባት የለም። አንገቷን ሰብራ እንደማታልፍ ግን እርግጠኛ ነበረች።

ስትወጣ ጎረምሳው ብቻውን ቀርቷል። ባነሩ መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ ሰው ረግጦታል፤ ዓይኗ ላይ የጫማ ዳና አለ። «እትዬ» አለ ራሱን እያከከ፣ እናታችን ማለቱን ትቶ፤ «ይሄንን ምን ላድርገው? እናቃጥለው?» «ፊቴን ነው የምታቃጥለው?» አለችው። «ስጠኝ።» ተንበርክካ ባነሩን ከእንጨቶቹ ፈታችው፣ አቧራውን በሽርጧ ጠረገች፣ ጠቀለለችውና ትከሻዋ ላይ ጣለችው። ከባድ ነበር። ዋናው መንገድ ላይ ስትወጣ ወንድሟ ከኋላ ከኋላዋ መጣ፤ ብዙ መንገድ ተከተላት። ሰው እየዞረ ያያቸዋል። በመጨረሻ ጠጋ ብሎ፣ «እትዬ፣ ከብዶሻል፤ አምጪ ልያዝልሽ» አላት።

«ተወው» አለችው ሳትዞር። «ፊቴን ካሁን በኋላ እኔው እይዘዋለሁ።»